ቦርጭ በሻይ አይደለልም

«ግሪን ቲ ጀመርኩ» አለኝ አንዱ፣ ደረቱን ሊነፋ ሲል ሆዱ ቀድሞት ተነፍቶ።

«እሰይ! ምኑን ልትተው?»

«የምን መተው? ጀመርኩ ነው የምልህ!»

ይኸው ነው። የዘንድሮ መክሳት ፈላጊ ሁሉ ጀማሪ ነው፤ ተው ያሉት ዕለት ይቀየማል። ክትፎው ባለበት፣ ለስላሳው ባለበት፣ ለአንድ ፎቅ ሊፍት መጠበቁ ባለበት፣ ከላይ አንድ ስኒ ግሪን ቲ ይደፋበትና ቦርጩ አፍሮ እንዲሄድ ይጠበቃል። ቦርጭ ግን እንደ አንዳንዱ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የሻይ ስለሰጠኸው ፋይልህን አይዘጋልህም።

«ስብ ያቃጥላል ብለውኛል እኮ!»

«እስካሁን ያቃጠለው ምላስህን ነው። አብርደህ ጠጣ።»

ወሬው ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ ተረበኛ ነኝ ብዬ እውነቱን አልቀብርም። እ.ኤ.አ. በ1999 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) ጄኔቫ ላይ ተመራማሪዎች 10 ጤነኛ ወንዶችን የሚተነፍሱት አየር በሚለካበት ክፍል አስገብተው አዋሏቸው፣ አሳደሯቸው። ሰዎቹ የአረንጓዴ ሻይ ጭምቅ በቀን ሦስት ጊዜ ሲወስዱ ሰውነታቸው በ24 ሰዓት የሚያቃጥለው ጉልበት 4 በመቶ ጨመረ። በጭምቁ ውስጥ ያለውን ያህል ካፌይን ለብቻው ሲሰጣቸው ግን ይህ አልታየም። ስለዚህ ካቴኪን የሚባሉት የቅጠሉ ንጥረ ነገሮች እጃቸው አለበት ተባለ። ሻይ ነጋዴው ሁሉ «ስብ ያቃጥላል» የሚለውን ማሸጊያው ላይ ለማተም ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

«አየህ! 4 በመቶ!»

«አየሁ። 4 በመቶው ስንት ይሆናል?»

«እ… 4 በመቶ ነዋ!»

ወደ 80 ካሎሪ ነው፣ ወንድሜ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ደግሞ ከ100 ካሎሪ በላይ አለው። ክትፎ ቤት አስተናጋጇ «ቅቤ ይጨመር?» ስትልህ አንዴ አንገትህን ስትነቀንቅ፣ የጄኔቫዎቹ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ተጨማሪ ያቃጠሉት ተመልሶ ገባ። ያውም መልስ ተርፎት። ደግሞ አንተ አንዴ ነቅንቀህ የምታቆም ሰው አይደለህም።

«እሱ የአንድ ቀን ሒሳብ ነው፤ ሲጠራቀም ነው የሚታየው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እሺ፣ ይጠራቀም። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመረምረው ኮክሬን በ2012 ግሪን ቲን የሚመለከቱ 18 ጥናቶችን አንድ ላይ አበጥሯል። በጥናቶቹ የተካፈሉት 1,945 ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም ጥናት ቢያንስ 12 ሳምንት የፈጀ ነው። ከጃፓን ውጭ በተደረጉት፣ ግሪን ቲ የወሰዱት ካልወሰዱት የበለጠ የቀነሱት በአማካይ 0.04 ኪሎ ሆነ። በግራም ልንገርህ? 40 ግራም። በሦስት ወር! ኪስህ ውስጥ ያለውን የቁልፍ ዘለላ አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጥ በአንዴ ከዚያ በላይ ትከሳለህ፤ ሽንት ቤትም አያመላልስህም። ደግሞ ይቺው 40 ግራም ራሷ በሻዩ ትምጣ በአጋጣሚ አልተለየላትም።

«ከጃፓን ውጭ አልክ! ጃፓን ውስጥስ?» ብሎ ያዝኩህ ይላል፤ ዓይኑ በርቷል።

ጃፓን ውስጥ የተደረጉት ከ0.2 እስከ 3.5 ኪሎ ልዩነት አሳይተዋል፤ ነገር ግን ጥናቶቹ እርስ በርሳቸው የማይገጥሙ ስለሆኑ ደምሮ አንድ ቁጥር ማውጣት አልተቻለም። ይህን ስነግረው የሰማው «3.5 ኪሎ» የሚለውን ብቻ ነው። የሎተሪ አዟሪ ደንበኛ ማለት እሱ ነው፤ ትልቁን ዕጣ እንጂ የዕጣውን ብዛት አያይም።

«ጃፓኖች ቀጫጭኖች ናቸው እኮ! በዓይንህ አላየህም?»

«አይቻለሁ። ጃፓናዊው ዓሣውን በላ፣ ሩዙን በትንሽዬ ሳህን በላ፣ እስከ ባቡር ጣቢያው በእግሩ ሄደ፣ ከዚያ ሻዩን ጠጣ። አንተ ከዚህ ሁሉ ሻዩን ብቻ ቀዳህ።»

ለነገሩ ግሪን ቲ መጠጣት ብቻ የሚያከሳ ከሆነ ለምን ሩቅ ምሥራቅ ድረስ ትሄዳለህ? ሞሮኮዎች አሉልህ። ቅጠሉን ከቻይና ያስመጣሉ፣ ናና ይጨምሩበታል፣ ማንቆርቆሪያውን ሽቅብ አንስተው አረፋ እያስወጡ ይቀዱታል፣ ጠዋት ማታ ይጠጡታል። በስኳር ነው ታዲያ፤ ስኳሩም የዋዛ አይደለም። ከእነሱ መካከል ሆዱን ቀድሞ የሚያስገባ የለም የሚለኝ ካለ የካዛብላንካን ገበያ አንድ ዞር ብሎ ይምጣ።

የእኛ ሰው የገረመኝ ደግሞ ይኼ ነው። ሱፐርማርኬት ገብቶ ቅጠልና ተራራ የተሣለበትን የውጭ ፓኬት ሲያነሳ አጠገቡ የተደረደረውን የውሽውሽ ሻይ በንቀት ያልፈዋል። ዘመድ ነው እኮ የናቅከው! ግሪን ቲ የሚባል ሌላ ዛፍ የለም። ቦንጋ አጠገብ ውሽውሽ ላይ፣ ኢሉባቦር ጉመሮ ላይ የሚለቀመው ቅጠልና ሎንግጂንግ የሚባለው የቻይና ግሪን ቲ የአንድ ተክል ልጆች ናቸው። ቅጠሉ ተለቅሞ፣ ጠውልጎ፣ ተፈጭቶ አየር ሲነካው ይጠቁራል፤ ያ ጥቁር ሻይ ነው። ሳይጠቁር ቶሎ ብለው በሙቀት ካስቆሙት አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ቻይናዎች በብረት ምጣድ ያምሱታል፣ ጃፓኖች በእንፋሎት ይመቱታል። በዚህም ካቴኪኑ በአረንጓዴው ላይ በብዛት ይተርፋል።

«ታዲያ ልዩነት አለው ማለት ነዋ!»

«አለው። ሒሳብ ስትከፍል በደንብ ይታወቅሃል።»

አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰምታ በትዕግሥት ስታበቃ «ተወኝ በናትህ! ለእኔ ሠርቶልኛል፤ ቀሚሴ ሰፍቶኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሰፍቷታል። ምስክር ፊት ለፊት ቆሞ ጥናት አይጠቀስም። ስለዚህ መርማሪ ሆንኩ።

«ድሮ ሻይ እንዴት ነበር የምትጠጪው?»

«በቀረፋና በቅርንፉድ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር።»

«በቀን?»

«ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ከሰዓት።»

«አሁንስ?»

«ግሪን ቲ በስኳር አይጠጣም ብለውኝ ባዶውን ነዋ!»

«ፓስቲውስ?»

«ያለ ስኳር ሻይ ፓስቲ ምን ያደርግልኛል? አይወርድልኝም።»

ገዳዩን አገኘነው። በቀን ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ወደ 36 ግራም፣ ከ140 ካሎሪ በላይ ነው፤ የጄኔቫው 80 እዚህ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይለምናል። ዘይት ውስጥ ዋኝቶ የወጣውን ፓስቲ ገና አልቆጠርነውም። ስኳሩ ወጣ፣ ፓስቲው ተከትሎት ወጣ፣ ቀሚሱ ሰፋ፣ ጭብጨባውን ግን ግሪን ቲ ወሰደው። ውሽውሹንም ባዶውን ብትጠጪው ቀሚሱ ይሰፋ ነበር ብላት «እሱማ ይመርራል!» አለች። ግሪን ቲው ደግሞ ማር ማር ይላል መሰለኝ።

ማር ካነሳን አይቀር፣ አንዲት እናት ቤት ግሪን ቲ ቀረበልኝ። ብርጭቆው ወፍሯል፣ ማንኪያው ተተክሎ ቆሟል።

«እትዬ፣ ይኼ ሻይ ነው ብርዝ?»

«ስኳርማ ሐኪሙ ከልክሎኛል፤ ማር ነው ልጄ። ማር መድኃኒት ነው።»

«መድኃኒትስ ነው፤ ግን ሐኪሙ በጭልፋ ብሎ ያዘዘልዎትን ወረቀት ያሳዩኝ።»

ስቀው ሲያበቁ አንድ ጭልፋ ጨመሩልኝ። ከእናት ጋር ተረብ የገጠመ ሰው ዕጣው ይኼ ነው።

ከምሳ በላይ የሚጠጡትስ? «ቅባቱን ያጥብልኛል» ይላሉ። ጎበዝ፣ ሆዳችሁን ማን ዕቃ አጣቢ ቀጠረለት? የበላኸው ቅባት ሻይ ወርዶ እስኪያጥበው ቆሞ አይጠብቅም፤ ይፈጫል፣ ይዋሃዳል፣ ወደ ቦርጭ ቢሮው ይገባል። ሻዩ ከምግብ ጋር ሲወርድ የሚያስተጓጉለውስ ሌላ ነው፤ ከእንጀራውና ከሽሮው ልታገኘው የነበረውን አይረን ይይዝብሃል። ደም ማነስ አለብሽ የተባለች ሴት ሻይዋን ከገበታ ራቅ አድርጋ ትጠጣ። ይህ ቀልድ አይደለም።

በዚህ ጨዋታ የተሸወደው የእኛ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኮካ ኮላና ኔስሌ ተጣምረው ኤንቪጋ የሚባል ካፌይን ያለበት የግሪን ቲ መጠጥ አሜሪካ ላይ አውጥተው ነበር። ሦስት ጣሳ ብትጠጣ ከ60 እስከ 100 ካሎሪ ያቃጥልልሃል ተባለ። አስበው፤ እየጠጡ መክሳት፣ ከሶፋ ሳይነሱ! በ2007 አንድ የሸማቾች ተሟጋች ድርጅት ፍርድ ቤት አቆማቸው፤ በ2009 ደግሞ ከ27 ግዛቶች ጋር በስምምነት ሲጨርሱ 650,000 ዶላር ከፈሉ። ሰው ሊያከሳ የተነሣው ራሱ ተከሰሰ፤ የቀለለውም ካዝና ብቻ ነው።

እነሱስ ቢያንስ አድራሻ ነበራቸው። የቴሌግራሟ ሻጭ ግን አድራሻዋ «ኢንቦክስ» ነው። በፊት የምትለው ፎቶ ላይ አንዲት ወፍራም ሴት፣ በኋላ የምትለው ላይ ሌላ ቀጭን ሴት ለጥፋ «የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ፣ በ7 ቀን፣ ከነዴሊቨሪው» ትላለች።

«ውስጡ ምን አለበት እህቴ?»

«100 ፐርሰንት ተፈጥሯዊ ነው ውዴ።»

«ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው ውዴ። አያቶቻችን ግን ለወገብ ብለው አልጠጡትም።»

ከእነዚህ «ማጥፊያ ሻዮች» ውስጥ አንዳንዶቹ ግሪን ቲ ከስማቸው በቀር ምናቸውም አይደለም፤ ሥራውን የሚሠራው ሰናመኪ ነው። ሰናመኪ ትልቁ አንጀት ላይ ነው የሚያስሮጠው፤ የበላኸው ካሎሪ ደግሞ ትንሹ አንጀት ላይ ተመጥጦ አልቋል። ስለዚህ ሌሊቱን ስትመላለስ አድረህ ጠዋት ሚዛን ላይ ያጣኸው ውኃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ስትጠጣ ተመልሶ ይገባል፤ ቦርጩ ይህን ሁሉ ግርግር ተኝቶ ነው ያሳለፈው። ከዚህ የከፋም አለ። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት «ተፈጥሯዊ» ተብለው ከሚሸጡ ማክሻዎች ውስጥ ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት ተደብቆ ደጋግሞ አግኝቷል። ይህ መድኃኒት ለልብ አደገኛ ሆኖ ስለተገኘ በ2010 ከአውሮፓም ከአሜሪካም ገበያ የወጣ ነው። ልብህ ቀድሞ ከቆመ ቦርጭህን ማን ሊያየው?

«እኔ ሻይ ሳይሆን ክኒኑን ነው የምወስደው፤ የግሪን ቲ ካፕሱል። እሱ ይሻላል አይደል?» ያለኝን ሰው ግን አልተረብኩትም፤ ቁጭ አድርጌ ነው የነገርኩት። ኤክሶሊዝ የተባለው የግሪን ቲ ጭምቅ በ2003 ከፈረንሳይና ከስፔን ገበያ የተነሣው ጉበት ጎድቶ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ የተባለውን ካቴኪን በክኒን መውሰድ ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ተፈልቶ የሚጠጣውን ሻይ ግን በጥቅሉ አልነካውም። ጉበትን በዱለት ውስጥ ብቻ የምታውቀው ከሆነ የራስህም አለህ፣ ትክም የለውም አልኩት። ካፕሱሉን ጣለው መሰለኝ፤ በማግስቱ ጂም ተመዝግቤያለሁ ብሎ ደወለልኝ። ካርዱን አውጥቷል፣ ጫማ ገዝቷል፣ ፎቶ ተነሥቷል። መሄዱ ነው የቀረው።

አንድ ቀን ደግሞ አንድ ልጅ መንገድ ዳር የዘረጋው ሚዛን ላይ አንድ ሰውዬ ወጣ። ቀስቱ እያለፈ እያለፈ ሄደ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ሊያይ ሞከረ፤ ቦርጩ ስለጋረደው ልጁ አነበበለት። ሰውዬው ግን በጄ አላለም።

«ሚዛንህ ተበላሽቷል አንተ ልጅ! እኔ እኮ ግሪን ቲ እየጠጣሁ ነው!»

ልጁ ሚዛኑን ደግሞ አየና፣

«አውቃለሁ ጋሼ፤ እሱንም ጨምሮ ነው የመዘነው።»