ሁሉም ባላባት የሆነበት ቢሮ

ሮቤና ጎባ ቢራራቁ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ሆኖም ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ የተላከ ፍላሽ፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ ከሒሳብ ክፍል ወደ ግዥ ክፍል በኔትወርክ ከተላከ ፋይል ቀድሞ የሚደርስበት ቀን አይጠፋም። ኬብሉ አልተበጠሰም፤ ስዊቹም ብልጭ ድርግም ይላል። ጣጣው ቢሮው በወርክግሩፕ መተዳደሩ ነው። በወርክግሩፕ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን የዩዘር መዝገብ ይይዛል፤ ጎረቤቱ የሚያውቀውን ሰው እሱ አያውቅም፣ የማወቅም ግዴታ የለበትም። አሥር ሠራተኞች በአሥሩም ማሽኖች ላይ በየስማቸው ይሥሩ ከተባለ መቶ ምዝገባ ያስፈልጋል። አንዷ ወደ ጊኒር ብትዛወር ከአሥር ቦታ መሰረዝ አለባት፤ ይህን የሚያደርግ ስለማይገኝ ደመወዟን ጊኒር እየበላች ሮቤ ላይ በአሥሩም ኮምፒውተር በሥራ ገበታዋ ላይ ትገኛለች።

ለመቶ ምዝገባ የሚተጋ ቢሮ ስለሌለ ሁሉም ወደ አንድ መላ ይደርሳል። ሁሉም ሰው አድሚን ይሆናል፤ ፓስወርዱ ከአንድ እስከ ስድስት መቁጠር ነው፤ እሱም እንዳይረሳ ተጽፎ ሞኒተሩ ላይ ይለጠፋል። ከዚህ መውጫው ዶሜይን ነው፤ ወደ ዶሜይን መዛወር ማለት መዝገቡን ከየማሽኑ አውጥቶ አንድ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ነው፤ መቶው ምዝገባ አሥር ይሆናል። እድር ላይ ስምህ አንዴ ከሰፈረ ድንኳን ተካዩ ሁሉ በየተራ «የማን ልጅ ነህ?» እንደማይልህ ማለት ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የወርክግሩፕን ስም ዊንዶውስ ላይ ለጥፎ የሸጠው ማይክሮሶፍት እንኳ በ2000 አክቲቭ ዳይሬክተሪ የተባለውን የዶሜይን መዝገብ ይዞ መጥቷል።

«እኛ እኮ ትንሽ ቢሮ ነን» የሚል መልስ ይመጣል። ትንሽነት የሚለካው በማሽን ብዛት ሳይሆን በሚገባና በሚወጣ ሰው ይመስለኛል፤ ሰባት ኮምፒውተር ኖሮት በየዓመቱ ግማሹ ሠራተኛ የሚዛወርበት ቢሮ ትንሽ አይደለም። በሌላ በኩል ሳነቴን አቋርጦ፣ የሃረናን ጫካ ወርዶ፣ ደሎ መና ላይ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ላለው የቡና ማኅበር «ሰርቨር ግዙ» የሚል ባለሙያ ከሻጩ ኮሚሽን የሚቆረጥለት መሆን አለበት። «ሰርቨሩ ሲሞት ሁላችንም እንሞታለን» የሚለው ስጋት ግን በግማሹ ብቻ እውነት ነው። ዊንዶውስ ቅንብሩ ካልተቀየረ በአንድ ማሽን ላይ የገቡ የመጨረሻ 10 ሰዎችን ያስታውሳል፤ ሰርቨሩ ቢተኛም እነሱን ያስገባቸዋል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል ግን አብሮት ይተኛል፤ ስለዚህ ለዩፒኤስና ለሁለተኛ ሰርቨር ብር የሌለው ቢሮ ትንሽ ቢቆይ አይከፋም።

ከስጋቶቹ ሁሉ አገራችንን የሚመለከተው የሰዓቱ ነው። ዶሜይን ሰው የሚያጣራበት ኬርቤሮስ የተባለው ሥርዓት፣ በመደበኛ አሠራሩ በኮምፒውተሩና በሰርቨሩ ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገሥም። እዚህ ደግሞ ሥራ የሚገባው ጠዋት 2:30 ነው፤ ኮምፒውተሩ 8:30 ይላል። ተሳስቷል ብሎ ያዘነለት ቅን ሠራተኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ዓመተ ምሕረቱንም ካቃናለት ሰባት ስምንት ዓመት ይቀንስበታል። የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተበት ማሽንም መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ድሮ ላይ ይነቃል። በወርክግሩፕ ዘመን ለዚህ ማንም አይቆጣም ነበር። «ታዲያ ሰዓታችንን ኮምፒውተር ሊያስጥለን ነው?» የሚል አገር ወዳድ አይጠፋም። የለም፤ ዶሜይን ውስጥ የገባ ማሽን ሰዓቱን ከሰርቨሩ ይወስዳል፣ የሰዓት ክልሉ ናይሮቢ ከተባለ ይበቃዋል፤ የእኛው ሰዓት ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ይኑር።

ትልቁ ተቃውሞ ግን በስብሰባ ላይ አይነሳም። ሠራተኛው በዶሜይን ስሙ በገባበት ጠዋት ባዶ ዴስክቶፕ ይጠብቀዋል። የልጁ ፎቶ የለም፤ «አዲስ የመጨረሻ ትክክለኛው» የሚባለው ሪፖርትም የለም። በእርግጥ ምንም አልጠፋም፤ በድሮ ስሙ ፎልደር ውስጥ እዚያው ዲስክ ላይ ተቀምጧል። ይህን አስቀድሞ ያልነገረና ያላዛወረ የአይቲ ባለሙያ የሚደርስበት እርግማን ይገባዋል። ፎቶው ከተመለሰ በኋላም ግን ኩርፊያው ይቀጥላል፤ ያኮረፈው ፎቶውን አጥቶ ሳይሆን «የእኔ ኮምፒውተር» ላይ የነበረውን ባላባትነት አጥቶ ነውና። ፊልም ማውረጃ ፕሮግራም ለመጫን አሁን ፈቃድ ይጠየቃል። ይህ ጭቆና ነው የሚል ካለ፣ ቫይረስ በአንድ ፍላሽ ቢሮውን ሁሉ ሲያዳርስ የፈቀደለት ማን እንደነበር ይንገረን።

የዋናው አድሚን ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ካዝና ይገባል፤ ሁለት ሰው ይፈርምበታል። ሥራ አስኪያጁ «የእኔ ስም ከሁሉም በላይ ይሁን» ማለታቸው የማይቀር ነው። እዚህ ላይ ሰርቨሩ አይተባበርም፤ ስም የሚደረድረው በፊደል ተራ ነው።