«እችላለሁ» ብሎ የሞላ ወዮለት

ዘንድሮም መጣ። ምዝገባው እንኳ ሳያልቅ «የመምህራን የቴክኖሎጂ ክህሎት ግለ ግምገማ» የሚል ቅጽ ስታፍ ውስጥ ይታደላል። ከ1 እስከ 5 ለራስህ ነጥብ ስጥ። ዎርድ ትችላለህ? ኤክሴልስ? ፓወር ፖይንት አዘጋጅተህ ክፍል ውስጥ ታቀርባለህ?

ክፍል ውስጥ? የትኛው ክፍል? ያ ሶኬቱ ተነቅሎ ሁለት ሽቦ ያፈጠጠበት? ያለን ፕሮጀክተር አንድ ነው፤ እሱም ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎበት በፊርማ ነው የሚወጣው። ተፈርሞ ሲወጣ ገመዱ የለም፣ ገመዱ ሲገኝ መብራት የለም፣ መብራት ሲመጣ ደወል ተደውሏል። ክፍለ ጊዜው እኮ 40 ደቂቃ ነው! ታዲያ ስንት ልሙላ? ብችልም የማልሠራበትን ነገር 5 ልበል ወይስ 1? ቅጹ የሚጠይቀው የእኔን ችሎታ ብቻ ነው። የክፍሉን ችሎታ የሚጠይቅ ሳጥን የለውም።

ዩኔስኮ ለመምህራን ያወጣው የቴክኖሎጂ ብቃት ማዕቀፍ እንኳ (በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው እትም ማለቴ ነው) 6 ዘርፎች፣ 18 ብቃቶች አሉት፤ ከፖሊሲ ተነሥቶ ሥርዓተ ትምህርትንና ምዘናን፣ የትምህርት ቤት አደረጃጀትንም ያነሣል። እኛ ጋ ሲደርስ ተጨምቆ ተጨምቆ «ኮምፒውተር መክፈትና መዝጋት» ሆኗል።

ደግሞ እኛ የፕላዝማ ዘመን ሰዎች ነን። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ያ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥኑ ሆኖ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ሲሰቀል፣ ትችላላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን ነበር? ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ሳያቆም ይወርዳል፤ ተማሪው እጁን ቢያወጣ አይሰማ፣ ቢለመን አይደግም። መምህሩ ጥግ ላይ ጠመኔውን ይዞ ይቆማል። ያኔ መሣሪያው ነበር፣ እኛን የጠየቀን አልነበረም። አሁን ጥያቄው በሽ ነው፣ መሣሪያው የለም።

ነጥቡ እንዴት እንደሚሞላ ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቃል። 5 ብለህ ከሞላህ አለቀልህ፤ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሆነሃል። የዲፓርትመንቱ ፈተና አንተ ጋ ይመጣል፣ የተማሪዎች ውጤት ሮስተር አንተ ጋ ይመጣል፣ የወላጅ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤም «አንተ እኮ ትችላለህ፣ ወንድሜ» እየተባለ ይመጣል። 1 ካልክ ደግሞ ቅዳሜህ ተበላ። ከዓመቱ የ60 ሰዓት የሙያ ማሻሻያ ላይ ይያዝልሃል ተብለህ፣ ግማሹ የማይነሳ ኮምፒውተር ባለበት ላብ ውስጥ «ማውዝ ማለት…» ሲባል ትውላለህ። ስለዚህ ስታፉ በሙሉ ተያይቶ 3 ይሞላል። መካከለኛ። ከዚያ ከላይ ሪፖርት ይመጣል፦ መምህራኑ በመካከለኛ ደረጃ ላይ ይገኛሉ። ይገኛሉ እንጂ!

በእውነት የምንሠራው ሥራ ግን የትም አልተጠየቀም። በቪዥዋል ግዕዝ የተተየበ ፈተና በፍላሽ ማባዣ ቤት ይወሰዳል፤ እዚያ ፎንቱ የለም፣ የጥያቄው ወረቀት ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና ኮተታኮት ሆኖ ይከፈታል። ፊደላችን ዩኒኮድ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ዓመቱ ነው፣ ያ ፈተና ግን ዛሬም ከባልደረባ ወደ ባልደረባ ይወረሳል። ነገ ጠዋት ፈተና ነው። አንዲት መምህርት ማታ ቁጭ ብላ በስልኳ፣ በራሷ ዳታ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ትተይበዋለች፤ ቴሌግራም ላይ ትልከዋለች፣ ሌላው ስሕተቱን ያርማል፣ ሌሊቱን ያልቃል። ይህ ስንት ነጥብ ነው? በየትኛው ሳጥን ይገባል? ቫይረስ የበላውን ፍላሽ አስታምሞ የሴሚስተር ማርክ ማትረፍስ? የሮስተር ደረጃ በኤክሴል አስልቶ፣ መልሶ በእጅ መዝገብ ላይ መገልበጥስ? (ሁለቱም ይፈለጋል፤ ሶፍት ኮፒም ሃርድ ኮፒም።)

የመጨረሻው ገጽ ታች «ያጋጠመ ችግር ካለ ይገለጽ» የሚል አለ፤ የተሰጠው ቦታ አንድ መስመር ነጠብጣብ ነው። አምና አንድ ባልደረባችን አምኖ «መብራት፣ ሶኬት፣ ፕሮጀክተር» ብሎ ጻፈበት። በሳምንቱ ተጠርቶ ችግሩን የሚፈታበትን የድርጊት መርሐ ግብር በሦስት ኮፒ እንዲያስገባ ታዘዘ። ዘንድሮ ሁላችንም «የለም» ብለናል።