የድንኳኑ ተከፍሏል፤ የቤቱ ይቆይ

አበሻ ሞትን አያስብም የሚሉ ስማችንን እያጠፉ ነው። የእድር መዋጮ እኮ በየወሩ ሳይዛነፍ ይከፈላል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ የንፍሮው ብረት ድስት፣ ሁሉም ባለቤቱ በጤናው እየተራመደ ተሰናድቶ ይጠብቀዋል። «አባባ፣ የቤቱን ነገር ለምን በጽሑፍ አያደርጉትም?» ያለ ልጅ ግን ሟርተኛ ነው። ምነው ቸኮለ?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በትዕግሥት ሲጠብቀን ኖሯል። ኑዛዜህን በአራት ምስክሮች ፊት አስነብብ፣ ካልሆነም ሙሉውን በገዛ እጅህ ጽፈህ በየገጹ ቀንና ፊርማ አኑርበት ይላል። በእጅ የተጻፈው ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ግን በ7 ዓመቱ ዋጋ ያጣል። ረጅም ዕድሜ ያስቀጣል ማለት ነው።

ጽሕፈት ለሰለቸው የቃል ኑዛዜም አለ። ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች ይናገራል፤ በቃል የሚያወርሰው እያንዳንዱ ስጦታ ግን ከ500 ብር መብለጥ የለበትም። ያኔ ደህና ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ደህና ዶሮ አይገዛም። ሰውዬው ድኖ ሦስት ወር ከቆየ ደግሞ ያም ይሻራል።

ዝም ብሎ ለሄደ ሕጉ ራሱ ያከፋፍላል፤ ወንድ ሴት ሳይል ለልጆች እኩል። ሁለት ክፍል ቤት ለስድስት ልጅ! አርባው ሳይወጣ ስድስቱም ጠበቃ ይይዛሉ፤ ቤቱ ይሸጥና ግማሹ ለጠበቆቹ ይሆናል። የቤቱ ካርታ ከተገኘ ነው ታዲያ። የት እንዳስቀመጡት የሚያውቁት አባባ ብቻ ነበሩ።