ከገብርኤል እስከ ፍቅር ሐይቅ፦ በጡረተኛ ባልና ሚስት የብስክሌት ፍጥነት ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

መግቢያ

ሐዋሳ ሜዳ ናት። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወስደው ጎዳና ቀጥ ያለ ነው፤ ብስክሌት አንዴ ከተገፋ ራሱን ችሎ የሚደርስ ይመስላል። ይህ እንዳለ ሆኖ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የተነሱ ጡረተኛ ባልና ሚስት ሐይቁ ዘንድ የሚደርሱት አሳው ሊያልቅ ሲል ነው። ከኋላቸው በእግሩ የተነሳ ሰው ደርሶ፣ በልቶ፣ ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኛቸዋል። ጥናቱ የተነሳው የዚህን ምክንያት ለመመርመር ነው።

ነባር ጽሑፎች

አዋጅ ቁጥር 1267/2014 የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜን 60 ዓመት አድርጎ ሲደነግግ፣ ጡረተኛው በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር መሄድ እንዳለበት ዝም ብሏል። የፊዚክስ ሰዎች ግን ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 የኔዘርላንድ፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አንድ ብስክሌት ለናሙና ወስደው ስሌቱን ሠሩ። በሰዓት ከ15 እስከ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ማንም መሪውን ባይዘው እንኳ አይወድቅም፤ ከዚያ በታች ግን ራሱን መቻል ያቅተዋል።

ተጠኚዎቻችን ከተባለው ፍጥነት በታች መሆናቸውን ለማረጋገጥ መሣሪያ አላስፈለገም። አንድ የአህያ ጋሪ ቀደማቸው፤ ጭነቱን አራግፎ ተመለሰ፤ ሌላ ጭኖም እንደገና ቀደማቸው። ሆኖም አልወደቁም። ስለዚህ ደግፎ ያቆማቸው ፊዚክስ አይደለም። የጥናቱ መላ ምት ይሉኝታ ነው የሚል ነው።

ተጠኚዎች

ተጠኚ አንድ፣ ባል፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ የቀኝ ሱሪያቸውን ጫፍ ካቴና እንዳይበላው ካልሲያቸው ውስጥ ከተዋል። ተጠኚ ሁለት፣ ሚስት፣ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወገባቸው ላይ ቋጥረዋል። የየራሳቸው ብስክሌት አላቸው። የሁለቱም ደወል ይሠራል፤ ሲደወል ግን አልተሰማም፤ ሰውን በደወል ከመንገድ ማስነሳት ነውር ነውና።

ጉዞው የሚጀመረው በጎሚስታው ደጃፍ ነው። ጎሚስታው ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና «ሙሉ ነው ጋሼ» አለ። ተጠኚ አንድ «ቢሆንም ጨምርበት» አሉ። ጨመረ። በዚህ መካከል ተጠኚ ሁለት የጎሚስታውን እናት ጤና ጠየቁ። ወገባቸውን ያማቸዋል። ከመቼ ጀምሮ? ምን ታዘዘላቸው? ማን ነው የሚያሻቸው? ጥያቄው ተጠናቆ መልሱ ሲገኝ ተጠኚ አንድ የኋላውን ጎማ እንደገና አስለኩ።

ግኝት አንድ፦ ፍጥነት በተማሪ ብዛት ይወሰናል

መምህርት የነበረች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ባስተማረችበት ከተማ ውስጥ በብስክሌት አታልፍም፤ ትጎበኛለች እንጂ። አንድ ባለባጃጅ «ቲቸር!» ብሎ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ከኋላው የነበሩት ክላክስ አደረጉ። ሁለተኛው ሾፌር ሊሳደብ ወረደና ቲቸርን ሲያይ ስድቡን ውጦ ጉንጭ ለጉንጭ ሳመ። የትራፊክ ፖሊሱ ሊበትናቸው መጣ፤ ደርሶ ኮፍያውን አወለቀ። እሱም አራተኛ ለ ነበር። መምህርቷ የማባዛት ሠንጠረዥ እንዴት እንዳስቸገረው ለተሰበሰበው ሕዝብ አስታወሱ። መንገዱ በዚያን ሰዓት ዝግ ነበር፤ የከሰሰ ግን የለም።

ግኝት ሁለት፦ የመውረድ ሕግ

ኮርቻ ላይ እንደተቀመጡ ሰላም ማለት ንቀት ነው። ለእኩያ አንድ እግር መሬት ይነካል። ለታላቅ ሙሉ በሙሉ ይወረዳል፤ ለቄስ ወርዶ ብስክሌቱን ለሌላ ሰው ማስያዝ ይገባል። ሁለቱንም ብስክሌት ይዞ የመቆም ሥራ የባል ነው። መንገድ ዳር የለቅሶ ድንኳን ከተገኘ የዕለቱ ጉዞ እዚያው ያበቃል፤ ሐይቁ ለሳምንት ይተላለፋል።

ግኝት ሦስት፦ ሐይቁ

የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ውሃ ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚታይ መውጫ የለውም። ተጠኚዎቹ ይህን ሁሉ ውሃ የተመለከቱት «ዘንድሮስ ሞልቷል» ለማለት ለሚበቃ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለውሃው፣ ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጡ። ሐይቅ ሰላምታ አይመልስም።

አሞራ ገደል አሳ ገበያ አጠገብ አጥኚውን ያሳሳተ ሌላ ፍጡር ነበር። ራሰ በራ ነው፤ ግራጫ ካፖርት የለበሰና እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ጡረተኛ ይመስላል፤ አይቸኩልም። ሦስተኛ ተጠኚ ተብሎ ሊመዘገብ ሲል አባ ኮዳ የተባለው ወፍ መሆኑ ታወቀ። የሚጠብቀው የአሳ ሆድ ዕቃ ነው።

ምግብን በተመለከተ፣ ተጠኚ አንድ ቆሮሶ ጥብስ ከዳጣ ጋር አዘዙ። ተጠኚ ሁለት «ደም ግፊትህን ቤት ትተኸው መጣህ?» ብለው በሾርባ አስለወጡላቸው፤ ጥብሱን ለራሳቸው አደረጉት። ከዚያ ግማሹን ቆርሰው አጎረሷቸው። በጉርሻ የተበላ ዳጣ እንደማይቆጠር ሁለቱም ተስማምተዋል።

ማጠቃለያ

ጥናቱ አዋጁ ያላሰላው ሁለተኛ ጡረታ መኖሩን አረጋግጧል። ባንክ አይገባም፤ ከገብርኤል እስከ ሐይቁ ድረስ በየመንገዱ በእጅና በጉንጭ ይከፈላል። ተከፋዩ ተሰልፎ የሚቀበለውም በብስክሌት ሆኖ ነው፤ በባጃጅ ቢሄድ ግማሹ ያመልጠዋል። ፍጥነታቸው ዝቅተኛ የሆነው ገቢያቸው ከፍተኛ ስለሆነ ነው።

የጥናቱ ውስንነት የሚከተለው ነው። አጥኚው ማስታወሻ ሲይዝ መምህርቷ አዩትና «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ተናገረ። አባቱን አስተምረዋል፤ የእጅ ጽሑፉ ከአባቱም እንደሚብስ ገለጹለት። ከዚያ በኋላ ያለው መረጃ የተሰበሰበው ሁለት ብስክሌት ይዞ በመቆም ነው። ለመጪው ቅዳሜ ጎማ አስነፍቶ በጠዋት እንዲገኝ የታዘዘ በመሆኑ፣ ጥናቱ ይቀጥላል።