በእንተ ጌም ማጫወቻና በእንተ ሰፈር ባንድ ስለ ተነሣ ሙግት አጭር ሐተታ

በዓለም ላይ ከተነሡት ታላላቅ ሙግቶች መካከል በሊቃውንት ዘንድ ተገቢውን ስፍራ ሳያገኙ የቀሩ ሁለት አሉ፤ አንደኛው ከጌም ማጫወቻዎች ማንኛው ይበልጣል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው የሰፈር ባንድ ዝናውን ለሕዝብ ማስነገር ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ነው። ስለ ነፍስ ህላዌ፣ ስለ ነገሥታት አነሣሥና አወዳደቅ፣ ስለ ጤፍ ዋጋም ሳይቀር ብዙ ብራና ተፍቆ ብዙ ቀለም ተበጥብጦ ሳለ፣ ጢም ያላበቀሉ ልጆችና ጢማቸው የሸበተ ሰዎች እኩል እንቅልፍ ስለሚያጡበት ስለዚህ ነገር ዝምታ መስፈኑ ጸሐፊውን ስላሳዘነው፣ ዐቅሙ የፈቀደለትን ያህል ይህን ሐተታ አሰናድቷል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ለምርመራው የተመረጠው ስፍራ በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ የሚገኘው የሲያትል ከተማ ከሐይቅ ማዶ ካለችው ከሬድመንድ ጋር ነው፤ ምርጫውም በከንቱ አልተደረገም። በ1889 በኪዮቶ ከተማ የመጫወቻ ካርታ በመሥራት የተመሠረተው ኒንቴንዶ የአሜሪካ መንበሩን የተከለው በሬድመንድ ነው፤ ኤክስቦክስን ያወጣው ማይክሮሶፍትም መንበሩ እዚያችው ሬድመንድ ነው፤ ስለዚህ በ2001 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስን በኖቬምበር 15 ቀን፣ ኒንቴንዶ ደግሞ ጌምኪዩብን በኖቬምበር 18 ቀን ለአሜሪካ ገበያ ባቀረቡ ጊዜ፣ የአንዲት አጥቢያ ሰዎች በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት የማይታረቁ ስብከቶችን ለመስማት በቁ። ከሐይቁ ወዲህ ደግሞ ሲያትል የሮክ ባንዶች መናኸሪያ ናት። በዚህ አካባቢ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ ቀላል ስላልሆነ፣ ልጆቹ ቅዳሜ ማታ የተጨቃጨቁበትን ነገር ሳይረዳ እሑድ ማለዳ ወደ ቅዳሴ የሚያደርሳቸው ወላጅ ከዚህ ጽሑፍ ጥቂት ይጠቀም ይሆናል።

የመጀመሪያው ሙግት ጥንተ ነገሩ ቢመረመር፣ በ1989 አሜሪካ የገባው የሴጋ ጀነሲስና በ1991 የተከተለው ሱፐር ኒንቴንዶ በአንድ ዘመን መገናኘታቸው ነው። የጀነሲስ ወገኖች የማጫወቻቸው አንጎል በሰከንድ 7.67 ሚሊዮን ጊዜ ሲመታ የባላጋራው ቢበዛ 3.58 ሚሊዮን ጊዜ እንደሚመታ ጠቅሰው ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰላቸው፤ የኒንቴንዶ ወገኖች ግን የእነርሱ ማጫወቻ ከ32,768 ቀለማት 256ቱን ባንድ ጊዜ በቴሌቪዥን መስኮት ሲያሳይ፣ ጀነሲስ ከ512 ቀለማት 64ቱን ብቻ እንደሚያሳይ በመጥቀስ፣ ቀለም የሌለው ቢሮጥ ምን ይረባዋል ሲሉ መለሱ። ከተከራካሪዎቹ መካከል ምቱን የቆጠረ፣ ቀለሙን አንድ ባንድ የለየ ማንም አልነበረም፤ ሃይማኖት ማለት ግን ያላዩትን ማመን ስለ ሆነ ይህ ለነቀፋ አይሆንም። ሴጋም በማስታወቂያው «ብላስት ፕሮሰሲንግ» የሚባል ኃይል በማጫወቻው ውስጥ እንዳደረ ሲሰብክ፣ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ሳይተረጉም ስላለፈ፣ ትርጓሜው ለእኛ ተርፏል፦ አንድም የአንጎሉ ፍጥነት ነው፤ አንድም ሶኒክ የተባለው ሰማያዊ ጃርት ሩጫ ነው፤ አንድም የኩባንያው ማስታወቂያ ክፍል ነው። ሦስተኛው ትርጓሜ ከምስጢሩ ጋር ይበልጥ የሚስማማ ይመስላል።

በአገራችን ሊቃውንቱ በቅባትና በጸጋ ተከፋፍለው በተቸገሩ ጊዜ፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አስደርገው ነገሩን እንዳስቆረጡ ይታወቃል። አሜሪካኖች ንጉሥ ስለሌላቸው፣ ወደ ቦሩ ሜዳ የሚቀርበው ጉባኤያቸው በ1993 ዲሴምበር ወር በሴኔታቸው የተደረገው ነው። ምክንያቱም ሞርታል ኮምባት የተባለው የድብድብ ጨዋታ ለሁለቱም ማጫወቻዎች በወጣ ጊዜ፣ ኒንቴንዶ ደም መፍሰሱን ከልክሎ በደሙ ፈንታ ግራጫ ላብ እንዲረጭ ሲያደርግ፣ ሴጋ በበኩሉ ደሙን ሳያስቀር፣ ነገር ግን ኤ፣ ቢ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤ፣ ቢ፣ ቢ ብሎ ቁልፎቹን በቅደም ተከተል ላልነካ ሰው ሰውሮ ማስቀመጡ ነበር። ይህ የቁልፍ ቅደም ተከተል ጀነሲስ የተባለ የእንግሊዝ ባንድ «አባካብ» ብሎ ከሰየመው አልበም የተወሰደ በመሆኑ፣ ሁለቱ ሙግቶቻችን በሥጋ ዝምድና ባይኖራቸው በአበ ልጅነት የሚዛመዱ ለመሆናቸው ምስክር ነው። ሴናተር ሊበርማንና ሴናተር ኮል በመሩት ጉባኤ የሁለቱ ኩባንያዎች መልእክተኞች ቀርበው እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ ዋሉ፤ ፍሬውም በ1994 በየጨዋታው መያዣ ላይ የዕድሜ ምልክት የሚያሳትም ቦርድ መቋቋሙ ሆነ። ደም ይበልጣል ወይስ ላብ የሚለውን ዋናውን ጥያቄ ግን ገበያው ራሱ ቆረጠው፤ በዚያው በ1994 የጨዋታው ሁለተኛ ክፍል ሲወጣ ኒንቴንዶም ደሙን ፈቀደ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሦስተኛው ወገን ሶኒ ነው፤ እርሱም ቀድሞ ከኒንቴንዶ ጋር አንድ ማጫወቻ በኅብረት ሊሠራ ተስማምቶ ሳለ፣ በ1991 በችካጎ በተደረገ ዐውደ ርእይ ኒንቴንዶ ፊቱን ወደ ፊሊፕስ በማዞሩ ብቻውን የቀረ ነው። ቂም የያዘ ሰው ትጉህ ይሆናልና ሶኒ ብቻውን ፕሌይስቴሽንን ሠራ። በ1995 ሜይ ወር በሎስ አንጀለስ በተደረገው ጉባኤ ሴጋ ሳተርን የተባለውን ማጫወቻ በ399 ዶላር ዛሬውኑ እንደሚሸጥ ባወጀበት በዚያው ቀን፣ የሶኒው ስቲቭ ሬስ ወደ መድረኩ ወጥቶ «299» ብሎ ወረደ። በዚህ መስክ ከተሰበኩት ስብከቶች ሁሉ አጭሩም፣ ብዙ ነፍስ የመለሰውም ይኸው ነው። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ በዚያችው ከተማ ማይክሮሶፍት 499 ዶላር ሲል ሶኒ 399 ማለቱን ስናይ፣ ስለ አንጎል ምትና ስለ ቀለማት ብዛት የተጻፈው ሁሉ በመቶ ዶላር ፊት ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ እንረዳለን።

መቼም ጠቢብ ሰው፣ ሁለቱን ማጫወቻዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ቢጫወት ሙግቱ ያበቃ ነበር ሊል ይችላል። ይህ ግን የሙግቱን ምንጭ አለማወቅ ነው። ተከራካሪው የሚከራከረው አንዱን ብቻ ለመግዛት ዐቅም ስለ ነበረው ነው፤ ወይም አባቱ አንዱን ብቻ ስለ ገዛለት ነው፤ ሁለቱንም የገዛ ሰው ጉባኤ ላይ ቆሞ ሲሟገት አልተሰማም። ለዚህ ማረጋገጫ የሚሆን ነገር ከአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች እናገኛለን፤ በዚያ ልጆች ማጫወቻውን ሳይገዙ በጨዋታ ሂሳብ እየከፈሉ፣ ብዙውን ጊዜም የተሸነፈው ሊከፍል ተስማምተው ኳስ ስለሚጫወቱ፣ ከኤክስቦክስና ከፕሌይስቴሽን ማን ይበልጣል ብሎ የሚጣላ የለም፤ ያለው አንዱ ብቻ ነውና። ይህ ማለት ግን ቤቱ ጸጥ ያለ ነው ማለት አይደለም። ሙግቱ ወደ ጆይስቲኩ ይዛወራል፤ የተሸነፈው ልጅ ጆይስቲኩ ወደ ግራ እንደሚጎትት ይናገራል፤ ባለቤቱም ጆይስቲኩ ከአሸናፊው እጅ ሲገባ እንደሚድን ያስረዳል፤ ይህም ለብቻው ሐተታ የሚያሻው ጉዳይ ስለ ሆነ እናልፈዋለን።

ወደ ሁለተኛው ሙግት ስንሻገር ነገሩ ይጠልቃል። በሲያትል ብሩስ ፓቪትና ጆናታን ፖንማን «ሰብ ፖፕ» የተባለውን የሙዚቃ ማሳተሚያ ባቋቋሙባቸው በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓመታት፣ የከተማዋ ባንዶች ደጋፊዎች በሁለት ይከፈሉ ነበር ብንል አንሳሳትም፦ አንዱ ወገን ሰምቶ የማያውቅ እንዴት ይወዳል ብሎ በየመብራቱ ምሰሶ ላይ ወረቀት የሚለጥፈው የሰባክያን ወገን ሲሆን፣ ሌላው ባሕታዊ ስሙን በምሰሶ ላይ አይለጥፍም የሚለው የስውራን ወገን ነው። የከተማው አስተዳደር በ1994 በምሰሶ ላይ ወረቀት መለጠፍን በመከልከሉ፣ ተከልክሎ ሳለ የሚለጠፍ ወረቀት ከስብከት ይቆጠራል ወይስ ከስውርነት የሚል ረቂቅ ጥያቄ ተጨመረ።

ሰብ ፖፕ ራሱ ያለ ጥርጥር ከሰባክያን ወገን ነበር። ገንዘብ ሳይተርፈው በ1989 ኤቨሬት ትሩ የተባለውን የእንግሊዝ መጽሔት ጸሐፊ በራሱ ወጪ ወደ ሲያትል አስመጥቶ ባንዶቹን አሳየው፤ ጸሐፊውም አገሩ ተመልሶ ባሞገሰ ጊዜ፣ ሲያትል ስለ ራሷ የነገረችውን ከለንደን መልሳ በመስማቷ አመነች። በዚያው ዓመት ከአበርዲን ከተማ የተነሣው ኒርቫና በ606 ዶላር ከ17 ሳንቲም የተቀረጸ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ፤ ወጪው 600 ዶላር ተብሎ በሽፋኑ ላይ መጻፉ የስውራንን ወገን እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው፣ ድህነት የታተመበት ማስታወቂያ ማስታወቂያ አይመስልምና። በ1991 ወደ ትልቅ ኩባንያ ተሻግሮ ሁለተኛውን አልበም ሲያወጣ ኩባንያው በመጀመሪያ ለአሜሪካ መደብሮች የላከው 46,251 ቅጂ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን በ1992 ጃንዋሪ ወር ያ አልበም ማይክል ጃክሰንን ከአንደኛ ደረጃ አወረደ፤ በዚያው ዓመት የኒርቫናው ከርት ኮቤን በታዋቂው የሮሊንግ ስቶን መጽሔት ሽፋን ላይ፣ የኩባንያ መጽሔቶች ዛሬም የማይረቡ መሆናቸውን የሚናገር ካናቴራ ለብሶ ታየ። በማስታወቂያ ላይ ወጥቶ ማስታወቂያን የማውገዝን ምስጢር ከዚህ በላይ የፈጸመ ሰው አናውቅም። ወንበር ዘርግተን የምናስተምረው ቢሆን፣ ይህን ሽፋን ለማስኬድ አንድ ወር አይበቃንም ነበር።

ዜናው እየተስፋፋ ሲሄድ ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ሲያትል ወጣቶች አነጋገር መዝገበ ቃላት ሊያትም ፈልጎ፣ ቀድሞ በሰብ ፖፕ እንግዳ ተቀባይ የነበረችውን ሜጋን ጃስፐርን በስልክ ጠየቀ፤ እርስዋም በዚያች ሰዓት ከልቧ እያፈለቀች የሰጠችው ቃል ሁሉ በ1992 ኖቬምበር ወር በጋዜጣው ታተመ። ውሸቱ ቆየት ብሎ ሲገለጥ የስውራን ወገን ታላቅ ድል እንዳገኘ ተቆጠረ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከእነዚያ የሐሰት ቃላት አንዳንዶቹ በካናቴራ ላይ ታትመው መለበሳቸው ነው፤ ጃስፐርም ውላ አድራ የሰብ ፖፕ ዋና ሥራ አስኪያጅ ለመሆን በቅታለች።

እንግዲህ ሁለቱን ሙግቶች አጠገብ ለአጠገብ ስናቆማቸው የሚታየው ነገር ይህ ነው። የማጫወቻው ተከራካሪ ማስረጃው ቁጥር ነው፤ ፕሌይስቴሽን 2 ከ155 ሚሊዮን በላይ መሸጡን፣ ኤክስቦክስ በዚያው ዘመን 24 ሚሊዮን ገደማ፣ ጌምኪዩብ ደግሞ ከ22 ሚሊዮን በታች መሸጣቸውን ሲናገር፣ ሕዝብ የተሰበሰበበት እውነት ያለበት ስፍራ እንደ ሆነ አድርጎ ነው። የባንዱ ተከራካሪ ማስረጃውም ቁጥር ነው፤ ነገር ግን በአንጻሩ፣ ሕዝብ የተሰበሰበበት እውነት የወጣበት ስፍራ ነው ባይ ነው፤ ባንዱ በሃምሳ ሰው ፊት ሲጫወት ሰማያዊ የነበረው ዜማ፣ በሃምሳ ሺህ ሰው ፊት ኖታው ሳይለወጥ ምድራዊ ሆኖበት ይገኛል። በእኛ ዘንድ ዘፋኙ ታወቀብኝ ብሎ የተከፋ አድማጭ እስካሁን ስላላጋጠመን፣ ይህ ጠባይ ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ይልቁንም የሚያስገርመው፣ እነዚህ ሁለት ተከራካሪዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰዎች አለመሆናቸው ነው። አንዱ ወጣት ከቀትር በፊት ጓደኛውን በሽያጭ ቁጥር ይረታል፤ ከሠርክ በኋላ ደግሞ በዚያው ሚዛን ባንዱን መዝኖ፣ ከበደ ብሎ ይጥለዋል። ስለ ሁለት ባሕርይ የሚከራከሩ ሰዎች ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ ባልሄዱ ነበር።

ሁለቱ ነገሮች በሰላም የተገናኙበት አንድ ስፍራ ግን አለ። በ1993 መጨረሻ 3ዲኦ የሚባል ማጫወቻ በ699 ዶላር ለገበያ ቀርቦ ነበር፤ በ1994 ለዚሁ ማጫወቻ በወጣው ሮድ ራሽ በተባለው የሞተር ብስክሌት ጨዋታ ውስጥ፣ ቀድሞ ከሰብ ፖፕ ጋር ይሠራ የነበረው የሲያትሉ ሳውንድጋርደን ዘፈኖች ተካተዋል። ባንድን በማጫወቻ ውስጥ አስገብቶ መሸጥ በስውራን ቀኖና ከውግዘት የሚያደርስ ነገር ቢሆንም፣ በዚህ ረገድ የተነሣ ጉባኤ መኖሩን ጸሐፊው አላገኘም። ምክንያቱ ከዋጋው የተነሣ ይመስለዋል፤ በ699 ዶላር ማጫወቻውን የገዛው ሰው ቁጥሩ እጅግ ያነሰ ስለ ነበረ፣ የማጫወቻው ወገን የሚመካበት፣ የባንዱም ወገን የሚያዝንበት ነገር አልተገኘም።