በቁጠባ ሩቅ መተኮስ

አሜሪካ ውስጥ የሩቅ ዒላማ ተኩስ በአነስተኛ በጀት ይጀመራል። ጠመንጃው ርካሽ ነው፤ 600 ዶላር ገደማ። የማነጣጠሪያ መነጽሩ በዋጋ ከጠመንጃው እንዳያንስ ይመከራል፤ የማያዩትን ዒላማ መተኮስ ነውር ነውና። 6.5 ክሪድሙር በሚባለው ልክ የተሠራ የውድድር ጥይት አንዱ ከዶላር በላይ ስለሆነ፣ ቆጣቢ ሰው ቀለሁን ለቅሞ ራሱ ይሞላል። ለዚህም መሙያ መሣሪያ፣ ባሩድን ግሬን በሚባለው የክብደት መለኪያ እስከ አንድ አሥረኛ የሚለይ ሚዛን፣ የጥይት ፍጥነት መለኪያም ይገዛል። እነዚህ ወጪ አይባሉም፤ የቁጠባ መሣሪያዎች ናቸው። ብዙ በተኮሰ ቁጥር ብዙ ስለሚያተርፍ፣ ሀብታም ለመሆን የሚቀረው ጥይት ብቻ ነው። ሰፈሩ ያለው የተኩስ ሜዳ 100 ያርድ ላይ ያልቃል። ባለ1000 ያርዱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ሩቅ የመረጠ በሩቅ አያማርርም። ቤንዚኑስ? እሱ የመኪናው በጀት ነው።