ስንት ካራት ነው?

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር አበሻ ጎረምሳ የእጮኝነት ቀለበት ሊገዛ ሲነሳ የማያማክረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀለበቱን የምታደርገውን ልጅ። ለእሷ ድንገተኛ መሆን አለበታ! ስለዚህ የእህቱን ባል ይጠይቃል፣ የሥራ ጓደኞቹን ይጠይቃል፣ ዓምና ያገባውን አብሮ አደጉን ይጠይቃል፣ በመጨረሻም የጣቷን ልክ ለማወቅ ለቅርብ ጓደኛዋ ምስጢሩን ያወጣል። ጓደኛዋ ምስጢር ጠባቂ ናት፤ ከሁለት ሰው በላይ አትነግርም። ሁለቱም እንደ እሷው ናቸው። ወር ሳይሞላ ልጁ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ሊጠጣ ጎራ ሲል፣ ስሙን እንኳ የማታውቅ አስተናጋጅ ስኒውን እያስቀመጠች “አንድ ካራት ልትገዛ ነው አሉ፤ ምናለ አንድ ተኩል ብታደርገው?” ትለዋለች።

ምክሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቁጥር ነው። ድሮ ሽማግሌ ሲላክ የማን ልጅ ነው፣ ምን ይሠራል፣ ጠባዩ እንዴት ነው ይባል ነበር፤ ዝምድና እንዳይኖርም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር ነበር። አሁን የሚቆጠረው ከነጥቡ በኋላ ያለው አኃዝ ነው።

ካራት እንግዲህ ክብደት ነው፤ አንዱ ካራት 0.2 ግራም ይመዝናል። ይህን ለወጣት ማስረዳት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ወርቅ በግራም ሲያስመዝኑ ኖረው ለሠርግ አሜሪካ ለመጡ አክስት ማስረዳት ነው።

“ስንት ግራም ነው ልጄ?” ይላሉ ቀለበቱን ገልበጥ ገልበጥ እያደረጉ።

“የቱ? ወርቁ ነው ድንጋዩ?”

“ገንዘቡ የፈሰሰበት ነዋ!”

“ድንጋዩማ የግራም አንድ አምስተኛ ነው፣ እትዬ።”

“ነው? የቀረውስ የት ሄደ?”

ይሄኔ የእህት ልጅ ስለ ጥራት፣ ስለ ቀለም፣ ስለ አቆራረጡ ያብራራል። እትዬ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ በዚያ ገንዘብ ለሙሽሪትም ለእናቷም የአንገት ወርቅ ገዝተው መልስ እንደሚተርፋቸው ይናገራሉ። ኋላ ቀር ናቸው ተብሎ ይሳቅባቸዋል። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ወርቅ ቢቸግር ሚዛን ላይ ወጥቶ የዕለቱን ዋጋ ያወጣል፤ አልማዝ ግን ከመደብሩ በወጣ ማግሥት ልሽጥህ ቢሉት፣ ያው ትናንት ያሞገሰው ነጋዴ እንኳ የሚሰጠው ዋጋ ያሳፍራል።

ቁጥሩ ክብደት መሆኑ ሌላም ጣጣ አለው። ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ባለ አንድ ካራት አልማዝ ከላይ ሲታይ ስፋቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ካራት ሲሆን ስፋቱ እጥፍ የሚሆን የሚመስለው ብዙ ነው፤ ግን 8.2 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው። ዋጋው በአንጻሩ፣ ከመሬት የወጣ አልማዝ ከሆነ፣ በእጥፍ አይቆምም፤ ጥራቱ ተመሳሳይ ሆኖ ሦስትም አራትም እጥፍ ሊሄድ ይችላል። ድንጋዩ ወደ ታች ጠልቆ ከተቆረጠ ደግሞ የተከፈለበት ክብደት ከሥር ተደብቆ ይቀራል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የአንዲቷ ካራት ድንበር ናት። 0.90 ካራትና 1.00 ካራት ጎን ለጎን ቢቀመጡ ልዩነታቸው ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዋጋው ግን አንድ ካራት ላይ ሲደርስ ይዘላል፤ ነጋዴው ገዢው ድፍን ቁጥር እንደሚወድ ያውቃል። አስተዋይ ሻጭ ካጋጠመ “ዘጠናውን ውሰድ፣ ማንም አይለየውም” ብሎ ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ልጁ ግን አይሰማም። ማንም እንደማይለየው እሱም አያጣውም። የሚፈራው ጥያቄውን ነው። “ስንት ካራት ነው?” ሲባል “ዜሮ ነጥብ...” ብሎ መጀመር አለና! ዓይን የማያየውን ጆሮ ይሰማዋል፤ ለጆሮ ሲባል በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጨመራል።

የበጀቱ ቀመርም አለ። የሁለት ወር ደመወዝ ይባላል፤ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ሥርዓት ይመስል በሙሉ ልብ ይነገራል። ያወረደው የአልማዝ ነጋዴው ዲ ቢርስ ነው፤ በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ባሰራጨው ማስታወቂያ። ለጃፓኖች ሦስት ወር አድርጎባቸዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1947፣ ለዚሁ ድርጅት የምትጽፍ ፍራንሲስ ጌሬቲ የምትባል የማስታወቂያ ባለሙያ፣ አልማዝ ዘላለማዊ ነው የሚለውን ዝነኛ መፈክር ፈጠረችለት። ጌሬቲ ራሷ አላገባችም። እንግዲህ የጤፍ ነጋዴ “ኩንታሉ ስንት ነው?” ሲባል “ደመወዝህ ስንት ነው?” ብሎ ቢመልስ ሰፈር በሙሉ ይነሳበት ነበር። ለአልማዝ ሲሆን ግን ጎረምሳው ካልኩሌተር ያወጣል። የእኛ ልጅ ደግሞ ሒሳቡ ይጠናበታል፤ ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ኡበር የሚሠራ ሰው የትኛውን ደመወዝ ነው የሚቆጥረው? እኔ የማውቃቸው ሁለቱንም ቆጥረው ቀሪውን በክሬዲት ካርድ ሞልተዋል።

ቀኑ ደርሶ ልጁ ይንበረከካል፣ ልጅቷ በጣም ትደነግጣለች (ጥፍሯን በዋዜማው ተሠርታለች)፣ ፎቶ ይነሳል። በፎቶው ላይ እጇ ወደ ካሜራው ተዘርግቶ ድንጋዩ ሽምብራ አክሎ ይታያል፤ እጮኛው ከበስተጀርባ ደብዝዟል። ፎቶው አዲስ አበባ ሲደርስ የአክስት ልጆች በሁለት ጣት ስክሪኑን ይለጥጡታል። የሚለጥጡት የልጁን መልክ ለማየት አይደለም።

አሁን በመጨረሻ የመጣው ደግሞ ነገሩን ሁሉ ገለበጠው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ አልማዝ መሥራት መቻሉን ካስታወቀ ከ1955 ጀምሮ ሰባ ዓመት አልፏል፤ ለጌጥ የሚሆነው ግን በዚህ በእኛ ዘመን ነው ገበያውን ያጥለቀለቀው። በላብራቶሪ የተሠራ ለማለት “የላብ” ይሉታል። አልማዝነቱ እውነተኛ ነው፤ በዓይን ብቻ ማንም አይለየውም፣ መሣሪያ ይፈልጋል። ዲ ቢርስ ራሱ በ2018 ላይትቦክስ በሚል ስም ካራቱን በ800 ዶላር መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ ዋጋው ከዚያም በኋላ ወርዶ ወርዶ በ2025 ሱቁን እንደሚዘጋ አስታወቀ። እናም አንድ ካራት የማይደፍር የነበረው ልጅ ሦስት ካራት ገዝቶ ብቅ አለ።

ይህን ጊዜ ጥያቄው ተለወጠ። ሦስት ካራት ያየች ጓደኛ በአድናቆት ከመጮኋ በፊት ዓይኗን ጠበብ አድርጋ “የላብ ነው?” ትላለች። ትልቅ ድንጋይ ያስከብር የነበረው አሁን ያስጠረጥራል። ከመሬት የወጣውን፣ ያቺን በስንት መከራ የተገዛች አንድ ካራት ያደረገችው ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት የምስክር ወረቀቱን ከስልኳ ታሳያለች። የወረቀቱ ቁጥር በአልማዙ ወገብ ላይ በሌዘር የተጻፈበትም አለ። ለማንበብ ማጉያ መነጽር ያስፈልጋል፤ ለሠርግ እንግዳ ማጉያ ማደል ግን ገና አልተለመደም። ጊዜ ስጡት።

ከሠርጉ በኋላ ያለውን ማንም አያማክርም። ከሙሽሮቻችን ብዙዎቹ ነርሶች ናቸው። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ድንጋይ ጓንት ይቀድዳል፣ እጅ ሲታጠቡ ሳሙና ያጠራቅማል፣ በሽተኛ ሲያነሱ ይቧጭራል። ስለዚህ አልማዙ ኢንሹራንስ ተገብቶለት መሳቢያ ውስጥ ይውላል፤ እሷ በጥቂት ዶላር የተገዛ የሲሊኮን ቀለበት አድርጋ ሥራ ትገባለች። አንዷን ጠይቄያት “ይሄኛውን እንኳ ራሴ ነኝ የመረጥኩት፤ ከዩኒፎርሜ ጋር ይሄዳል” አለችኝ።